የሁለት ትንንሽ አገሮች ጭስ
(የኤስቶኒያና የሉክሰምበርግ መዝገብ ሲነበብ)

በ1990 ዓ.ም. ኤስቶኒያ ወደ ሰማይ የለቀቀችው ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ 40 ሚሊዮን ቶን ይጠጋ ነበር። በ2022 ወደ 14 ሚሊዮን ቶን ወረደ። ሉክሰምበርግ ደግሞ በ1990 ወደ 13 ሚሊዮን ቶን፣ በ2022 ወደ 8 ሚሊዮን ቶን ለቀቀች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።) ሰንጠረዡን ብቻ የተመለከተ ሰው ኤስቶኒያን ያመሰግናል፤ ሉክሰምበርግንም «ጥሩ ነው፣ ግን ገና ይቀርሻል» ይላትና ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል።

እኛ ወረቀቱን ለማጠፍ አልቸኮልንም። አንድ ቁጥር ሲወርድ ከሥሩ የሚወርድ ሌላ ነገር ይኖራል። ፋብሪካ ይዘጋል፣ አዲስ ምድጃ ይተከላል፣ ሰው ከሥራው ይወጣል፣ ወይም ጭሱ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ይዛወራል። ታዲያ እነዚህ ሁለት ትንንሽ አገሮች የወረዱት እንዴት ነው? ሲወርዱስ ማን አብሮ ወደቀ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ሀ. ስለ ሚዛኑ

ነገሩን ከሚዛኑ እንጀምር። ሙቀት አማቂ የሚባሉት ጋዞች ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴን፣ ናይትረስ ኦክሳይድና ጥቂት በፋብሪካ የሚሠሩ ጋዞች ናቸው። የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ምድር መልሳ የምትለቀውን ሙቀት ግን ይይዛሉ። ኃይላቸው እኩል ስላልሆነ፣ የየአገሩ ገንዘብ ወደ ብር እንደሚመነዘር ሁሉ፣ ሁሉም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው በቶን ይደመራሉ። በ1992 በሪዮ ደ ጃኔሮ ጉባኤ ላይ ለፊርማ በቀረበው የአየር ንብረት ስምምነት መሠረት አገሮች ይህን ድምር እየሠሩ ያቀርባሉ።

ደንቡ ሲሰሙት ቀላል ነው። ጋዙ የወጣው በማን ወሰን ውስጥ ነው? በዚያው አገር ስም ይጻፋል። ለማን ጥቅም ሲባል ነደደ? ይህን መዝገቡ አይጠይቅም። የመኪና ነዳጅ ሲሆን ደግሞ የሚቆጠረው በተሸጠበት አገር ነው፤ መኪናው የትም ሄዶ ያቃጥለው። እነዚህን ሁለት ደንቦች አንባቢ በልቡ ያዝ ያድርግልን፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ለ. የሚነድ ድንጋይ

ኤስቶኒያ ከባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ፣ ስፋቷ 45 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አገር ናት። በ1990 ሕዝቧ ከ1.5 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጥ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ናርቫ ከተማ በሚወስደው አገር፣ ከኖራ ድንጋይ ጋር ተደራርቦ የተኛ ቡናማ ድንጋይ አለ። ዘይት አዘል ነው፤ እሳት ሲነካው ይነዳል። ኤስቶኒያውያንም ሌላ ስም ፍለጋ ሳይደክሙ በቋንቋቸው «የሚነድ ድንጋይ» ይሉታል።

ይህ ድንጋይ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጎረቤትን ቤት ሲያሞቅ የኖረ ነው። መቆፈር የተጀመረው በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ፣ ፔትሮግራድ ነዳጅ ሲያጥራት ነበር። ኤስቶኒያ ነፃ መንግሥት በሆነችባቸው ዓመታት ለራሷ ተጠቀመችበት። በ1940 ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተጠቃለለች በኋላ ግን ነገሩ ወደ ጥንቱ ተመለሰ። በ1948 ከድንጋዩ የሚወጣው ጋዝ ከኮህትላ ያርቬ ተነሥቶ በቧንቧ ሌኒንግራድ ገባ፤ የአገሪቱ ዋና ከተማ ታሊን ግን ተራዋን ለዓመታት ጠበቀች። ከ1959 ጀምሮ የባልቲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ በ1973 ደግሞ ግንባታው ያለቀው የኤስቲ ማመንጫ ናርቫ አጠገብ ቆሙ። በ1980 ቁፋሮው ጣሪያ ነካ፤ በአንድ ዓመት 31 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ወጣ።

የድንጋዩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከጥሩ የድንጋይ ከሰል ሲሶውን ቢያክል ነው። ከነደደም በኋላ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው አመድ ሆኖ ይቀራል። ይባስ ብሎም አብሮት ያለው ኖራ በእሳት ሲፈርስ ከራሱ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ባጭሩ ለአንድ አምፖል ብርሃን ብዙ ድንጋይ፣ ብዙ ጭስ፣ ብዙ አመድ ማለት ነው። የዚያ ሁሉ ዘመን ቅሪት በኪቪኧሊና በኮህትላ ያርቬ ተራራ ሆኖ ቆሟል፤ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል።

ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ትልቅ ድርሻ የሚሄደው ወደ ሌኒንግራድ አካባቢና ወደ ላትቪያ ነበር። ለማዕድኑና ለማመንጫው የሚሆን ሠራተኛም ከሶቪየት ኅብረት ልዩ ልዩ ክፍሎች እየመጣ ሰፈረ፤ ናርቫም በአብዛኛው ሩሲያኛ ተናጋሪ ከተማ ሆነች። ጭሱ ናርቫ፣ መብራቱ ሌኒንግራድ ማለት ነው። መዝገቡ ግን ጭሱን እንጂ መብራቱን አይቆጥርምና የ1990ው 40 ሚሊዮን ቶን በሙሉ በኤስቶኒያ ስም ተጻፈ። በነፍስ ወከፍ ሲካፈል 25 ቶን ያህል ይደርሳል።

ሐ. የብረት አገር

አሁን ወደ ምዕራብ እንሻገር። ሉክሰምበርግ በፈረንሣይ፣ በጀርመንና በቤልጂግ መካከል የተቀመጠች፣ 2,586 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች አገር ናት። በ1990 ሕዝቧ 380 ሺህ ያህል ነበር። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ባንክ ነው የሚታወሰን። ዳሩ ግን አገሪቱን አገር ያደረጋት ባንክ አልነበረም፤ ብረት ነው።

በደቡብ ወሰኗ፣ በኤሽ፣ በዱደላንጅና በዲፈርዳንጅ በኩል ቀይ አፈር የብረት ማዕድን አለ። የብረት ይዘቱ ዝቅተኛ፣ ፎስፈረሱ ብዙ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ጥሩ አረብ ብረት አልወጣውም። በ1870ዎቹ መጨረሻ ሁለት እንግሊዛውያን፣ ቶማስና ጊልክሪስት፣ በምድጃው ውስጥ ኖራ መሰል ሽፋን አድርጎ ፎስፈረሱን መምጠጥ እንደሚቻል አሳዩ። የሉክሰምበርግ ብረት አቅላጮችም በ1879 ፈቃዱን ገዙ። ከዚያ ወዲያ ያ የተናቀ አፈር ወርቅ ሆነ። ከምድጃው የሚወጣው ፎስፈረስ አዘል ጥቀርሻ ሳይቀር ተፈጭቶ ለእርሻ ማዳበሪያነት ተሸጠ። በ1911 አርቤድ የሚባለው ታላቅ የብረት ኩባንያ ተመሠረተ።

ማዕድኑን ብረት የሚያደርገው በከሰል የሚሠራው ትልቁ ምድጃ ነው። ከሰሉ ከጀርመን በባቡር ይመጣል፤ በምድጃው ውስጥ ከማዕድኑ ኦክስጅን ይቀማና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በ1990 በሉክሰምበርግ ስም የተጻፈው 13 ሚሊዮን ቶን በነፍስ ወከፍ 33 ቶን ያህል ሲሆን፣ ዋናው ምንጩ ይኸው የብረት ምድጃ ነበር። ብረቱ ደግሞ እንደ ናርቫ መብራት የተሠራው ለጎረቤት ነው። አንዲት ከመንደር የማትሻል አገር በዓመት ሚሊዮን ቶን ብረት ለራሷ ምን ታደርገዋለች? የሌላው አገር ድልድይ፣ የሌላው አገር ሐዲድ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አገሮች እኅትማማች ይመስላሉ። ሁለቱም ለውጭ ገበያ ያነድዳሉ፤ ጭሱም ለሁለቱም ይቀራል። የሚለያዩት ቁልቁለቱ ላይ ነው።

መ. ሁለት ቁልቁለቶች

ሉክሰምበርግ የወረደችው በደረጃ ነው። በ1974 የብረት ምርቷ ከ6 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። በ1975 የዓለም የብረት ገበያ ወደቀ። መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከ1977 ጀምሮ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ ተገደዱ። የተገደዱ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ማኅበራቱ ጠንካሮች ነበሩና ሠራተኛውን ወደ ጎዳና መጣል የሚሞከር አልነበረም። ዕድሜው የገፋው ቀደም ብሎ ጡረታ ወጣ፤ ሥራ የጠፋበት ምድጃው ቢቀዘቅዝም ደመወዙ ሳይቋረጥ በሕዝባዊ ሥራ ላይ ተሠማራ፤ ወጪውንም ሌላው ዜጋ በግብር ተካፈለው። በ1981 የመጨረሻው የብረት ማዕድን ጉድጓድ ተዘጋ። በ1990ዎቹ ደግሞ ትልልቆቹን የከሰል ምድጃዎች ውራጅ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡ ምድጃዎች ተኳቸው። የመጨረሻው የከሰል ምድጃ ቤልቫል ላይ በ1997 ጠፋ። በዚህ ምክንያት የአገሪቱ ልቀት በ1998 ከ9 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። የአዲሱ ምድጃ ኤሌክትሪክ ከየት መጣ? አብዛኛው ከውጭ የተገዛ ነው። ጭሱ ካለ ያለው በሻጩ አገር መዝገብ ነው። ስለዚህ ከወረደው ቁጥር ውስጥ ከፊሉ የእውነት ለውጥ ሲሆን (ውራጅ ብረት ማቅለጥ በእርግጥ ያነሰ እሳት ይፈጃል) ከፊሉ ወሰን የተሻገረ ጭስ ነው።

የኤስቶኒያ ቁልቁለት ሌላ ነው፤ ደረጃ የለውም፣ ገደል ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1991 ነፃነቷ ተመለሰ። በ1992 የራሷን ገንዘብ አወጣች። ኤሌክትሪኩን ይገዛ የነበረው የምሥራቅ ገበያ ተሰበረ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ የጋራ እርሻዎች ፈረሱ፣ የቀንድ ከብቱ ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ከብት ሲያንስ ሚቴን ያንሳል፤ ፋብሪካ ሲቆም ጭስ ይቆማል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ልቀቱ ግማሽ ያህል፣ ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ሆነ። አንድም የአየር ንብረት ሕግ ለዚህ አላዘዘም። ሕዝቡ ነፃነቱን ሲመርጥ ስለ ካርቦን አላሰበም፤ ዋጋውን ግን በኑሮው ከፍሏል። የናርቫና የኮህትላ ያርቬ ሠራተኛ እንደ ኤሽ ሠራተኛ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ አልነበረውም። አሠሪው የነበረው ኅብረት ፈርሷል፤ አዲሱ መንግሥት ገና ገንዘቡን እያተመ ነው፤ ቋንቋውም የተለየ ነው።

እንግዲህ ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም «ቀነሰ» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ አንድ፣ ታሪኩ ሁለት!

ሠ. ምድጃው ሲጠፋ ማደያው በራ

ሉክሰምበርግ ከ1998 በኋላ ዳግመኛ ወደ ላይ ወጣች። በ2005 ልቀቷ ተመልሶ ወደ 13 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደረሰ። ምድጃው ጠፍቶ የለምን? ጠፍቷል፤ የበራው ማደያው ነው። በነዳጅ ላይ የምትጥለው ግብር ከጎረቤቶቿ ያነሰ ስለነበር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አውሮጳ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ እሷ ዘንድ ቆሞ ሙሉ ታንከር ይቀዳል። ከፈረንሣይ፣ ከጀርመንና ከቤልጂግ በየቀኑ እየመጣ ሠርቶ የሚመለሰው ሠራተኛም (ዛሬ ቁጥሩ ከ200 ሺህ በላይ ነው) ከመመለሱ በፊት ይቀዳል። በአገሪቱ ከሚሸጠው የመንገድ ነዳጅ በጣም የሚበልጠው እጅ ለውጭ ተሽከርካሪ የሚሸጥ ነበር።

ቀደም ሲል በልብዎ ይያዙ ያልነው ሁለተኛው ደንብ እዚህ ይመጣል። ነዳጁ የሚቆጠረው በተሸጠበት አገር ነው። ስለዚህ በፈረንሣይ ጎዳና የወጣው ጭስ በሉክሰምበርግ ስም ይጻፋል። «ይህማ በደል ነው» የሚል ይኖራል፤ ለናርቫ ያዘንን እኛስ ለሉክሰምበርግ አናዝንምን? አናዝንም፤ ምክንያቱም ከዚያ ነዳጅ የሚገኘው ግብር የገባው በራሷ ካዝና ነው። ናርቫ ጭሱ ሲቀርላት መብራቱ ሄደባት፤ ሉክሰምበርግ ጭሱ ሲሄድላት ገንዘቡ ቀረላት። የመዝገቡ ደንብ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ቢያስቀምጥም ታሪክ አንድ አያደርጋቸውም።

በሕዝብ ቁጥር ማካፈልም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሉክሰምበርግ ሕዝብ ከ1990 እስከ 2022 ከ380 ሺህ ወደ 650 ሺህ ገደማ አደገ፤ የኤስቶኒያ ግን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የነበረው ወደ 1.3 ሚሊዮን ወረደ። በጠቅላላ ድምር ኤስቶኒያ ወደ 65 ከመቶ፣ ሉክሰምበርግ 36 ከመቶ ገደማ ቀነሱ። በነፍስ ወከፍ ግን ሉክሰምበርግ ከ33 ወደ 12 ወይም 13 ቶን፣ ኤስቶኒያ ከ25 ወደ 10 ወይም 11 ቶን ሲወርዱ፣ የቅናሹ መጠን ለሁለቱም 60 ከመቶ አካባቢ ሆነ። ያ ሁሉ ልዩነት የት ገባ? ሰው የሄደበት አገርና ሰው የመጣበት አገር በአንድ ማካፈያ ሲካፈሉ ልዩነታቸው ይጠፋል። ስለዚህ «ማን በለጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከማካፈያው ምርጫ ነው።

ረ. የወረቀት ንግድ

በ1997 የኪዮቶ ውል ጸደቀ። ኤስቶኒያ ከ1990 ልቀቷ በ8 ከመቶ ዝቅ እንድትል ግዴታ ገባች። ልብ በሉ፣ ያኔ እሷ ግማሽ ያህሉን ወርዳ ጨርሳ ነበር! ስለዚህ ሳትደክም ትልቅ ትርፍ ተቆጠረላት። እንዲህ ላለው ትርፍ «ትኩስ አየር» የሚል የሽሙጥ ስም ወጣለት። ሉክሰምበርግ ደግሞ የአውሮጳ አገሮች ሸክሙን ሲከፋፈሉ 28 ከመቶ ትቀንስ ዘንድ ተፈረደባት፤ ከባዱ ድርሻ ይህ ነበር። ያን ቁጥር የተቀበለችው የብረት ምድጃዋ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ማደያው ምን ያህል እንደሚያጨስ ግን ያኔ በደንብ የገመተው ያለ አይመስልም። ጊዜው ሲደርስ በአገር ውስጥ አልሞላ ስላላት ከውጭ ቅናሽ ገዛች።

ኤስቶኒያ ትርፏን ሸጠች። በ2011 ለአንድ የጃፓን ኩባንያ 10 ሚሊዮን ቶን ሰጥታ 507 የኤሌክትሪክ መኪናዎችን አገኘች፤ በ2013ም በአገሪቱ ዙሪያ የባትሪ መሙያ ጣቢያ መረብ ተከፈተ። ነገሩን ስናስበው ያስቃልም፣ ያሳዝናልም። በ1990ዎቹ የቆመ ፋብሪካና የታረደ ላም ከሃያ ዓመት በኋላ መኪና ሆኖ ተመለሰ። መኪናው ግን ከፋብሪካው ለተባረረው ሰው አልደረሰም።

ሁለቱ አገሮች ፊት ለፊት የተገናኙትም በዚሁ የወረቀት ገበያ ነው። የአውሮጳ ኅብረት አባል አገር ሁሉ እስከ 2020 ከታዳሽ ምንጭ የሚያገኘውን ኃይል ወደ ተወሰነለት ድርሻ ማድረስ ነበረበት። የኤስቶኒያ ድርሻ 25 ከመቶ ሲሆን፣ በእንጨትና በነፋስ ኃይል ከቀጠሮው ብዙ ዓመት ቀድማ ሞላችው። የሉክሰምበርግ 11 ከመቶ ቢሆንም ሊሞላላት አልቻለም። ስለዚህ በኅዳር 2017 ተፈራረሙ። ሉክሰምበርግ ገንዘብ ከፈለች፤ ኤስቶኒያ ቁጥር አስተላለፈች። አንዲት የኤሌክትሪክ ሽቦ በመካከላቸው አልተዘረጋም፤ የተላለፈው ስታቲስቲክስ ብቻ ነው። ውሉ ሕጋዊ ነው፤ ገንዘቡም ለአዲስ የኃይል ሥራ ሊውል ይችላልና ፈጽመን አንነቅፈውም። ግን የሁለት አገር ቁጥር በፊርማ ከፍና ዝቅ ማለት ከቻለ፣ ቁጥሩን ብቻ ይዘን አንዱን ጻድቅ አንዱን ኃጥእ ማለት አይገባንም።

ሰ. ያልተከፈለው ዕዳ

ታሪኩ ገና አላለቀም። በ2018ና በ2019 በአውሮጳ ገበያ አንድ ቶን ካርቦን የመልቀቂያ ዋጋ ከ10 ዩሮ በታች ተነሥቶ ወደ 25 ዩሮ ወጣ። የሚነደው ድንጋይ ከሁሉ ይበልጥ ስለሚያጨስ ከሁሉ ይበልጥ ተመታ። የኤስቶኒያ ልቀት በአንድ ዓመት ብቻ ሩብ ያህል ወደቀ፤ አገሪቱም ኤሌክትሪክ ሻጭ መሆኗ ቀርቶ ገዢ ሆነች። ዳግመኛ ማዕድን ቆፋሪው ወደ ቤቱ ተሰደደ። የዩክሬን ጦርነት በተነሣበት በ2022 ኃይል ሲወደድ ደግሞ ድንጋዩ ተመልሶ ነደደ፤ በ2020 ከ12 ሚሊዮን ቶን በታች የነበረው ልቀት ወደ 14 አሻቀበ። በዚህኛው ዙር አንድ የተሻለ ነገር አለ፤ የአውሮጳ ኅብረት ለናርቫ አውራጃ ለኢዳ ቪሩ ከ300 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የመሸጋገሪያ ገንዘብ መድቧል። ጠረጴዛው በሠላሳ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ቀረበ ማለት ነው።

ሉክሰምበርግም ከ2020 መጋቢት ወር ጀምሮ አውቶቡሱን፣ ባቡሩንና ትራሙን በነፃ አደረገች፤ በ2021 በነዳጅ ላይ በቶን 20 ዩሮ የሚጀምርና በየዓመቱ የሚጨምር የካርቦን ግብር ጣለች። የማደያው ሽያጭም ቀነሰ። ቢሆንም ሾፌሩ የቀረውን ነዳጅ ከወሰን ማዶ ቢቀዳው ለሰማዩ ለውጥ የለውም፤ ግብሩ እውነተኛ መድኃኒት የሚሆነው ጎረቤቶችም አብረው ሲራመዱ ነው።

በቤልቫል የጠፋው ትልቅ ምድጃ ዛሬም ቆሟል፤ በዙሪያው ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ተማሪዎች ይማሩበታል። የኪቪኧሊ የአመድ ተራራም የበረዶ መንሸራተቻ ሆኗል። ሁለቱም ቦታዎች ሰው ከአመድ ሕይወት ማውጣት እንደሚችል ይመሰክራሉ። ልዩነቱ ምድጃው ሲጠፋ ሠራተኛው ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ በአንደኛው ቀድሞ መጠየቁ፣ በሌላው ግን ሰው ከወደቀ በኋላ መነሣቱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2015 ከተደረሰው የፓሪስ ስምምነት ወዲህ ኢትዮጵያን ጨምሮ ሁሉም አገር ሒሳቡንና ቃሉን በዚሁ ሚዛን ያቀርባል። ነገ ከመካከላችን አንዱ ያን ሰንጠረዥ ይሞላል፤ ሌላው ያነብባል። የሚሞላው በሐቅ ይሙላ። የሚያነብበው ደግሞ ከቁጥሩ ጎን ሦስት ጥያቄዎችን ይጻፍ፦ ለማን ነደደ? በምን ቀነሰ? ሲቀንስ ማን ከፈለ? እነዚህ ሦስቱ ካልተመለሱ በሰንጠረዡ ላይ የወረደው ቁጥር የሚነግረን እሳት መጥፋቱን ብቻ ነው፤ በብርድ የቀረው ማን እንደሆነ አይነግረንም።